መቶ ሃምሳ ነጥብ ለአንድ ልጅ

ከሃሪ ፖተር ጋር ጠብ አለኝ። በድግምቱ አይደለም። መጥረጊያ ላይ ተቀምጦ መብረሩንም ይቅር ብዬዋለሁ (እኛ ሰፈር መጥረጊያ ላይ ተቀምጣ የምትበር ባልቴት ብትታይ ምን እንደሚደርስባት ታውቃላችሁ፤ ለፈረንጅ ግን ይሁን)። ጠቤ ከጨዋታው ሕግ ጋር ነው። ክዊዲች ከሚሉት፣ አየር ላይ ከሚጫወቱት የኳስ ጨዋታ ጋር።

መጽሐፉን ላላነበባችሁ፣ ፊልሙንም እንደኔ በተጫጫረ ሲዲ ግማሹን በግምት ላያችሁት ሕጉን በአጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ቡድን 7 ተጫዋች አለው። ሦስቱ አጥቂዎች ናቸው፤ ትልቋን ኳስ ከሦስት ቀለበቶች በአንዱ ሲያሾልኩ 10 ነጥብ ያገኛሉ። አንዱ በረኛ ነው። ሁለቱ ደግሞ ዱላ ይዘው፣ ሰው ካልመታን ብለው አየር ላይ የሚክለፈለፉትን ከባድ ኳሶች ወደ ተቃራኒ ቡድን ይጠልዛሉ። ሰባተኛው «ፈላጊ» ይባላል። የእሱ ሥራ ከሎሚ የምታንስ፣ ክንፍ ያላት ወርቃማ ኳስ ማሳደድ ነው። ስሟ ስኒች ነው። የያዛት ቡድን 150 ነጥብ ያገኛል፤ ጨዋታውም እዚያው ላይ ያልቃል።

150! አሥራ አምስት ጎል ማለት እኮ ነው። 14 ለ 0 እየመራችሁ ነው እንበል። በነጥብ 140 ለምንም። አጥቂዎቻችሁ መጥረጊያቸው እስኪግል በርረዋል፣ በረኛችሁ አንድ እንኳ አላሳለፈም፣ ባለ ዱላዎቹ እጃቸው ዝሏል። ያኛው ቡድን ፈላጊ ደግሞ ከላይ ሆኖ ሲንሸራሸር ቆይቶ፣ ድንገት ጆሮው ሥር ብልጭ ያለችውን ነገር ላፍ ያደርጋል። አለቀ። 150 ለ 140። ስድስት ሰው የለፋበትን አንድ ልጅ በጭብጡ ይዞት ሄደ። ያ ልጅ ማን እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ የመጽሐፉ ሽፋን ላይ መነጽር አድርጎ አለላችሁ።

ይህን ሳነሳ ጓደኞቼ የሚሉኝ አንድ ነው፤ «ልብ ወለድ እኮ ነው፣ ምን አንጨረጨረህ?» እሺ፣ ልብ ወለድ ነው። ግን ዘንዶ እሳት ሲተፋ ያላጉረመረመ አንባቢ፣ ውጤቱ 150 ለ 140 ሲሆን ለምን ያጉረመርማል? ዘንዶ አይተን አናውቅም፤ ኳስ ግን ተጫውተናል። ፍርደ ገምድል ሕግ ምን እንደሚመስል የምናውቀው ገና የወተት ጥርሳችን ሳይወልቅ ነው።

ደራሲዋ ጄ.ኬ. ሮውሊንግ ጨዋታውን የፈጠረችው ማንቸስተር ውስጥ፣ አንድ ትንሽ ሆቴል ውስጥ፣ ከጊዜው ወንድ ጓደኛዋ ጋር ከተጣላች በኋላ እንደሆነ ራሷ ተናግራለች። ጨዋታው ወንዶችን እንደሚያናድድ ታውቃለች፤ ያኔ ለነበረችበት ስሜት ይህ ደስ የሚል ነገር እንደነበርም አልደበቀችም። በእኔ በኩል ተሳክቶላታል። ይኸው እስከ ጭሮ ድረስ፣ አይቼው ለማላውቀው ሰውዬ ጥፋት የምቀጣው እኔ ነኝ።

ላለማዳላት ግን ሁለት ነገር ልመስክርላት። አንደኛ፣ የትምህርት ቤቱ ዋንጫ የሚሰጠው በየግጥሚያው የተገኘው ነጥብ ተደምሮ ነው። በሦስተኛው መጽሐፍ የሃሪ ቡድን ለመጨረሻው ግጥሚያ ሲወጣ በድምር 200 ነጥብ ወደኋላ ቀርቶ ነበር። ስለዚህ ስኒችን መያዝ ብቻውን ዋንጫ አያመጣም፤ አጥቂዎቹ አስቀድመው ከ50 ነጥብ በላይ መምራት አለባቸው። ሃሪ ኳሷን እያያት እንዳላያት መሆን ሊኖርበት ነው። እዚህ ላይ ሕጉ ነፍስ ይዘራል። ሰባቱም ሰው ይፈለጋል። ሁለተኛ፣ በአራተኛው መጽሐፍ (እ.ኤ.አ. 2000 የወጣው) በ422ኛው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አየርላንድ ቡልጋሪያን 170 ለ 160 ታሸንፋለች። ስኒችን የያዘው የቡልጋሪያው ክሩም ነው። 160 ነጥብ ተመርተው ሳለ ኳሷን ይዞ የራሱን ቡድን ሽንፈት አጸደቀው። የአየርላንድ አጥቂዎች የልፋታቸውን አገኙ ማለት ነው።

እንግዲህ ደራሲዋም ቀዳዳውን አይታዋለች። ግን ክሩምን ተመልከቱት። የአገሩ ልጆች ጎል ሲዘንብባቸው እሱ ወርዶ ሊከላከል አይችልም፣ ሊያገባም አይችልም። ሕጉ የሰጠው ሥራ አንድ ነው፤ መጨረስ። የተቀሩት ስድስቱ ደግሞ ሁሉን ይችላሉ፣ መጨረስ ግን አይችሉም። የነጥቡ ብዛት ከዚህ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። 150ውን ወደ 50 ብታወርዱት እንኳ የጨዋታው ቁልፍ በአንድ ልጅ ኪስ ውስጥ ነው።

አሁን ከሰማይ እንውረድ፤ ወደ ጭሮ (እናቴ እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ ነው የምትላት)። ከተማችን የጨርጨር ተራሮች ጉያ ውስጥ ነው ያለችው። ከአዲስ አበባ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ የሚወስደው አስፋልት በመሃሏ ያልፋል። ደልዳላ ቦታ ከተገኘ ወይ ቤት ተሠርቶበታል፣ ወይ ገበያ ነው፤ ለልጅ የሚተርፈው ዳገቱ ነው። ስለዚህ የእኛ ሰፈር ሜዳ አንዱ ጎል ከሌላው ጎል በአንድ ሰው ቁመት ከፍ ይላል ብላችሁ አስቡት። ከላይ ወደ ታች ስታጠቁ ሁላችሁም ሮናልዶ ናችሁ። ከታች ወደ ላይ ስታጠቁ ኳሷ ራሷ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ይህን ያህል የተዛባ ሜዳ ላይ የሚጫወቱ ልጆች ምን አደረጉ? ሕግ አወጡ። አምስት ጎል ሲሞላ ሜዳ ይቀየራል፤ በሰዓት አይደለም፣ ሰዓት ያለው የለም። ኳስ ወደ አስፋልቱ ያንከባለለ ራሱ ሮጦ ያመጣል፤ «የለጋ ያምጣ» ይባላል። ቀላል ትመስላለች፣ ግን ጉልበተኛውን ሁሉ አደብ ያስገዛችው ይቺ ሕግ ናት። ከታች ጫት የጫነ አይሱዙ እየበረረ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ኳስ ፍለጋ መውረድ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ልጅ ዝም ብሎ አይለጋም፤ ያቀብላል። ሦስት ኮርና አንድ ሪጎሬ ነው። ተጫዋች ጎዶሎ ከሆነ ትርፉ ልጅ ለደካማው ቡድን ይሰጣል፣ ወይም በረኛቸው ወጥቶ እንዲጫወት ይፈቀድለታል። ይህን ሁሉ የጻፈው የለም፤ ፊርማና ማኅተም የለውም። የእንግሊዙ ፋንታሲ ጨዋታ እንኳ የነጥብ አሰጣጡን በየጊዜው ይከልሳል፤ ለ2025/26 የውድድር ዘመን ብዙ ለሚከላከል ተጫዋች ነጥብ መስጠት ጀመረ። የእኛዎቹ ተከላካይን ያከበሩት ገና በጨርቅ ኳስ ዘመን ነው።

ከሁሉም በላይ ግን አንዷን ሕግ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የስኒች እህት ናት። መሸ። መስጊዱ አዛን ብሏል፣ እናቶች በየበሩ ስም መጥራት ጀምረዋል። ውጤቱ 9 ለ 4 ነው። ያኔ ከተሸናፊዎቹ አንዱ ይጮኻል፤ «የመጨረሻዋን ያገባ!» በቃ፣ 9 ለ 4ቱ ተሰረዘ። ቀጣዩዋን ጎል ያገባ የዕለቱ አሸናፊ ነው።

ስሌቱን ብቻ ካያችሁት ይህ ከስኒችም ይብሳል፤ ስኒች ቢያንስ 15 ጎል ብቻ ነው፣ የእኛዋ ዋጋዋ ወሰን የለውም። ታዲያ እየመራ ያለው ቡድን ለምን ይስማማል? እያጉረመረመ ነው የሚስማማው፣ ግን ይስማማል። እምቢ ካለ ያኛው ቡድን ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ 9 ለ 4 ከተመራ ልጅ ጋር የቀረችውን አሥር ደቂቃ ብርሃን ማንም አይጫወትም። ኳስ ለመጫወት ሁለት ቡድን ያስፈልጋል። ይስማማና ምን ይሆናል? ሁሉም ሰው ይነቃል። ቀኑን ሙሉ ኳስ ያልደረሰው፣ ጎል አጠገብ ድንጋይ ሲደረድር የዋለው ልጅ ሳይቀር ወደፊት ይሮጣል፤ የመጨረሻዋን ጎል እሱም ሊያገባት ይችላላ! ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ስኒችን መያዝ የሚችለው አንድ ሰው ነው። የመጨረሻዋን ጎል ማንም ያገባታል።

ትልልቆቹም ይህንኑ ሞክረውታል። ፊፋ «ወርቃማ ጎል» ብሎ በተጨማሪ ሰዓት ቀድሞ ያገባ እዚያው ያሸንፍ ያለበትን ዘመን ታስታውሳላችሁ። በ2002 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ ሴኔጋል በሄንሪ ካማራ ወርቃማ ጎል ስዊድንን ጣለች፤ አፍሪካ ሁሉ ጨፈረ። በስድስተኛው ቀን ቱርክ በዚያችው ሕግ ሴኔጋልን አሰናበተቻት። ሕጉ ከሁለት ዓመት በኋላ ተሰረዘ። ያጠቃሉ የተባሉ ቡድኖች በፍርሃት ወደኋላ ማፈግፈግ ስላበዙ ነበር። የእኛ ሰፈር ልጆች የማይፈሩት ለምንድን ነው? ነገ ከትምህርት ቤት መልስ እዚያው ሜዳ ላይ ስለሚገናኙ ይመስለኛል። የሴኔጋል ነገ ግን አራት ዓመት ቆይቶ ነው የሚመጣው፤ ያውም ከመጣ።

ስለ ሕግ ጣጣ ከተነሳ የባርቤዶስና የግሬናዳን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ጥር 1994 (እ.ኤ.አ.)፣ የካሪቢያን ዋንጫ ማጣሪያ። አዘጋጆቹ በተጨማሪ ሰዓት የሚገባ ወርቃማ ጎል እንደ ሁለት ይቆጠራል ብለዋል፤ ለምን እንዳሉ እግዜር ይወቅ። ባርቤዶስ ለማለፍ በሁለት ጎል ልዩነት ማሸነፍ አለባት። 2 ለ 0 ስትመራ ቆይታ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች 2 ለ 1 ሆነ። የባርቤዶስ ልጆች ሒሳቡን ሠሩት፤ ሆን ብለው የራሳቸው ጎል ላይ አገቡና 2 ለ 2 አደረጉት፣ ተጨማሪ ሰዓት ገብተው ድርቧን ጎል ለማግኘት! ግሬናዳም ነቃች፤ 3 ለ 2 መሸነፍም ስለሚያሳልፋት በሁለቱም ጎል በኩል ለማግባት መሯሯጥ ጀመረች። ባርቤዶስ የራሷንም የተቃራኒዋንም ጎል ስትከላከል ሰዓቱ አለቀ። ከዚያ በተጨማሪ ሰዓት አግብታ 4 ለ 2 አሸነፈች። ይህን ሮውሊንግ ብትጽፈው «አበዛችው» እንላት ነበር።

በሕግ ቀዳዳ መሳቅ ቀላል ነው፤ የእኛን ዕንባ ያበሰውም ሕግ እንደሆነ አንርሳ እንጂ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ የመጣው ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ጎሎች 2 ለ 0 ረታ። በድምር 5 ለ 5። ከሜዳ ውጭ ያገባ ይቅደም በሚለው ሕግ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። የዚያን ቀን ሕጉ ፍትሐዊ ነው ወይ ብሎ የጠየቀ ኢትዮጵያዊ አላየሁም። አውሮፓውያኑ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ ሕግ ከውድድሮቻቸው አወጡት። እኔ አልከፋኝም፣ አልተደሰትኩምም፤ ዕዳዬን ከፍያለሁ ብዬ ዝም አልኩ።

ሕግ የሚያወጣው ማን እንደሆነም ማየት ያስፈልጋል። ፕሌይስቴሽን ቤት ግቡ። ሕጉ «ያሸነፈ ይቀጥላል፣ የተሸነፈ ይከፍላል» ነው። ጎበዙ ቀኑን ሙሉ በነጻ ተቀምጦ ይበልጥ ይጎብዛል፤ ጀማሪው በብሩ እየተሸነፈ ይወጣል። መልመድ የሚያስፈልገው ከመጫወቻው ይርቃል፣ የማያስፈልገው እጁ ላይ ይዞት ይውላል። ይህን ሕግ ያወጡት ልጆቹ አይደሉም፤ ለቤቱ ባለቤት ግን እንዴት ያለ የተመቸ ነው! የሰፈር ኳስም የራሱ ባለቤት ነበረው። የኳሱ ጌታ አይቀየርም፣ ሪጎሬ እሱ ይመታል፣ ከተናደደ ኳሱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይሄዳል። የኳሱ ጌታና ሃሪ ፖተር ዘመዳሞች ናቸው። አንዱን የሚያዳላለት ላስቲክ ኳስ ነው፣ ሌላውን ደራሲዋ።

በነገራችን ላይ ክዊዲችን መሬት ላይ አውርደው በእግራቸው የሚጫወቱት ሰዎች አሉ። በ2005 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ሚድልበሪ ኮሌጅ የጀመሩት ተማሪዎች ናቸው፤ ስሙ ከ2022 ወዲህ ኳድቦል ሆኗል። መጥረጊያቸውን እግራቸው መሃል አድርገው ሲሮጡ ማየት ያስቃል፤ ያሰቡት ነገር ግን አያስቅም። ለስኒች የሰጡት 30 ነጥብ ነበር፣ ማለትም ሦስት ጎል ብቻ። ከዚያም በላይ አንድ ሕግ ጨመሩ፤ ሜዳ ላይ በአንድ ጊዜ ከአንድ ጾታ ከአራት ሰው በላይ መሰለፍ አይቻልም። ሴቶቹ የሚገቡት ለማድመቂያ አይደለም፤ እነሱ ካልገቡ ቡድኑ ይጎድላል።

ይህችን ሕግ ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የማውቀው አንድ ትምህርት ቤት በበዓል ቀን ወንዶችና ሴቶችን ቀላቅሎ ሲያጫውት «ሴት ያገባችው ሁለት ይቆጠራል» የሚል ሕግ አወጣ። ሲሰሙት ደግነት ይመስላል። የሆነውን ግን ተመልከቱ። ሁለቱም ቡድን ሴቶቹን ወስዶ ጎል አፍ ላይ አቆማቸው። «እዚህ ቁሚ፣ ኳሱ ሲመጣ ብቻ ንኪው።» ጨዋታው በወንዶቹ መካከል ቀጠለ፤ ልጆቹ ፀሐይ ላይ ቆመው ስኒችን እንደሚጠብቅ ፈላጊ ኳስ ጠበቁ። አንዷ፣ ከሁላችንም የተሻለ የምትጫወት፣ በዕረፍት ሰዓት መምህሩን «የኔም አንድ ይቆጠርና ኳስ ያቀብሉኝ» አለችው። መምህሩ ሳቀ። ሕጉ አልተቀየረም።

እሷ በአንድ ዓረፍተ ነገር የጨረሰችውን እኔ ይኸው ስንት አንቀጽ ፈጀሁበት። ነጥብ ማብዛት አንድ ነገር ነው፣ ኳስ ማግኘት ሌላ ነገር።

ይህን ሁሉ የማወራው ክረምት ስለሚመጣ ነው። ትምህርት ሲዘጋ በየሰፈሩ ውድድር ይጀመራል። ከሂርና፣ ከበዴሳ፣ ከገለምሶ የሚመጣ ቡድን አይጠፋም። ዋንጫ አለ፣ ለዋንጫው የሚታረድ በግ አለ፣ ክብር አለ። ክብር ባለበት ደግሞ ውሰት አለ። አንድ ፈጣን አጥቂ ከድሬዳዋ ይመጣል፤ መጓጓዣው ይከፈልለታል፣ ምሳው ይቻላል። ቡድኑ ሁሉ ኳስ ለእሱ ብቻ ይወረውራል። እሱ ያገባል፣ ሰፈሩ ይጨፍራል፣ የሰፈሩ ልጅ መቀመጫው ላይ ሆኖ ያጨበጭባል። ፈላጊ ገዛን ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ በዳገቱ ላይ «የለጋ ያምጣ» ሲል የከረመው ልጅ ዘጠና ደቂቃ ተቀምጦ ይመለሳል። ሁለት ክረምት እንዲህ የተቀመጠ ልጅ በሦስተኛው አይመጣም፤ የት እንደሚሄድ ደግሞ ጭሮን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከሰዓት በኋላ የሚቀመጡበት ቦታ ሞልቷል።

«ካልተዋስን እንሸነፋለና!» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። እውነቱን ነው፤ አንዱ ሰፈር ብቻውን ቢተወው በጉን ሌላው ይበላዋል። ለዚህ ነው ነገሩ የአሰልጣኞች ቅንነት ሳይሆን የውድድሩ ሕግ የሚሆነው። የዘንድሮዎቹ አዘጋጆች ለስብሰባ ሲቀመጡ ከትልልቆቹ መመሪያ በፊት የልጆቹን ሕግ ቢያዩ እላለሁ። የተመዘገበ ልጅ ሁሉ ቢያንስ አንድ አጋማሽ ይጫወት። በውሰት የመጣ ይምጣ፣ ግን አንድ ሰው ብቻ፣ እሱም አንድ አጋማሽ። ሴቶቹም ያገቡት እንደማንም አንድ ይቆጠር፤ ግን ሦስቱ ሁልጊዜ ሜዳ ላይ ይኑሩ። ሜዳው ዳገት ከሆነም በአርባ አምስት ደቂቃ ሳይሆን አምስት ሲገባ ይቀየር፤ በዝናብ ጊዜ ከላይ የጀመረ ቡድን እስከ ዕረፍት ስንት እንደሚያገባ ሁላችንም አይተናል። የድሬው አጥቂም ቢሆን ቁልቁለት ላይ ብቻ አይፈተን፤ ዳገቱንም ይቅመሰው።